የጋዝ ነው

የክርስትና ልጄ ፔርሲዮ መኪናው ላይ የሞተር መብራት ሲበራ ምን እንዳደረገ ልንገራችሁና ሰውየውን እወቁት። መካኒክ ዘንድ አልሄደም። ኮፈን ከፍቶም አላየም። ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አውራ ጣት የምታህል የሬግላ ድንግል ማርያም ተለጣፊ ሥዕል ገዛና መብራቷ ላይ ለጠፈባት። መብራቷ ግን ወረቀት ተለጠፈብኝ ብላ አልጠፋችም። ከሥዕሉ ጀርባ ቦግ እንዳለች ቀረች፤ ድንግልም በዳሽቦርዱ መሃል ብጫ ብርሃን ለብሳ ትታይ ጀመር። ከመንደራችን ከማታንሳስ ወደ ባኒ ከተማ ገበያ የሚሳፈር ሰው ሁሉ ገና እግሩን ሲያስገባ ያማትባል። አንዳንዷም ጣቷን ስማ ትነካታለች። ፔርሲዮ ደግሞ ደረቱን ነፍቶ «ይቺ መኪና ጠባቂ አላት» ይላል።

«ልጄ፣ መብራቱ እኮ ዝም ብሎ አይበራም» አልኩት አንድ ቀን።

«ክርስትና እናቴ፣ እርስዎን ይንሳኝ ምንም አልሆነችም። በአንድ ቁልፍ ትነሳለች፣ ዳገት ትወጣለች፣ አትንገጫገጭም። የጋዝ ነው።»

የጋዝ ነው። በዚህ አገር ይህ ቃል የማይደፍነው ሽንቁር የለም። ቤንዚን ሲወደድ ታክሲ ነጂው ሁሉ መኪናው ላይ የማብሰያ ጋዝ አስገጠመ። ሲሊንደሩ ከኋላ ይጋደማል፣ ቱቦው በወለሉ ሥር አልፎ ሞተር ይገባል። ከዚያ ወዲህ መኪና ምንም ትሁን ምን መልሱ አንድ ነው። ብትሸት የጋዝ ነው፣ ብታስነጥስ የጋዝ ነው፣ መሪዋ ቢጎትት እንኳ የጋዝ ነው የሚል አዋቂ አይጠፋም። የሞተር መብራትማ በጋዝ መኪና ላይ መብራት እንደ መብቱ ተቆጥሯል። ያልበራበት ሰው ካለ መኪናው ተጠርጥሮ ይታያል።

ታክሲዎቹ ተራ የሚጠብቁበት የማንጎ ዛፍ ሥር ዶሚኖ የሚያንኳኩ ወንዶች አሉ። መኪናን በተመለከተ ከተበላሸው ነገር በቀር የማያውቁት ነገር የለም። ፔርሲዮ መብራቷን ሲያነሳባቸው ተሰበሰቡ። አንዱ ካንዴላ ቀይር አለው። ቀየረ፤ መብራቷ አልጠፋችም። ሌላው የባትሪውን ሽቦ ንቀልና እንደገና ግጠመው አለው። ነቅሎ ገጠመ፤ መብራቷ ጠፋች፣ ቢራ ተገዛ፣ ተጨበጨበ፤ የቢራው ወሬ ሳይበርድ ጥቂት ቀናት አለፉና መብራቷ ተመለሰች። ሦስተኛው ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ «ሴንሰር ነው» አለ።

«የቱ ሴንሰር?» አልኩት፣ በዚያ ሳልፍ ሰምቼ።

«ሴንሰሩ ነዋ፣ ዶኛ ፊላ።»

«ስሙ ማነው? የት ነው የሚኖር?»

«ሴቶች መኪና አይገባችሁም» አለና ዶሚኖውን አንኳኳ።

መካኒኩ ሌኦካዲዮ ከነዚህ ሁሉ የከፋው ነው፣ ምክንያቱም መሣሪያ አለው። መሪው ሥር የሚሰካ፣ መዳፍ የምታህል ማሽን ገዝቶ ከመጣ ወዲህ ሰዉ ስሙን ትቶ «ኮምፒውተሩ» ነው የሚለው፤ እሱም ጠላው እንዳትሉ። ማሽኗን ይሰካና እንደ ጳጳስ ዓይኑን ከድኖ ይጠብቃል። ቁጥር ይወጣለታል። ቁጥሩን አይቶ አናቱን ይነቀንቃል። ከዚያ «አጥፋ» የሚለውን ቁልፍ ይጫናል፣ መብራቷ ትጠፋለች። «የጋዝ ነው፣ አጥፍቼልሃለሁ» ይላል። ትኩሳቱን ሳይሆን ቴርሞሜትሩን የሚያክም ሐኪም ማለት ይህ ነው። መብራቷ ስትመለስ ፔርሲዮም ይመለሳል፣ ኮምፒውተሩም ያጠፋል።

ክሪስፒና መኪናው ውስጥ ባትኖር ኖሮ ይህን ሁሉ ጉድ ስስቅበት በኖርኩ።

ክሪስፒና የፔርሲዮ እናት፣ የኔ አበልጅ ነች። ገበያው ውስጥ መደባችን ጎን ለጎን ነው፤ እኔ ካሳቫና አረንጓዴ ሙዝ እሸጣለሁ፣ እሷ ቦሎቄና የርግብ አተር። ባኒ ውስጥ እንደሷ ምላሷ የሚያቃጥል ሴት አልተወለደችም። ቦሎቄዋን በጣቱ እየቆሰቆሰ ዋጋ የሚያወርድ ሰው ሲመጣ «ጌታዬ፣ ልትገዛው ነው ወይስ ልታገባው?» ብላ ታሳፍረዋለች። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ያ መደብ ኑሮዋ ብቻ አይደለም፣ ሰው መሆኗ ነው።

ጠዋት ጠዋት የሚያመጣት ልጇ ነው። ከቤት መጀመሪያ የምትሳፈረው እሷ፣ መጨረሻ የምትወርደውም እሷ። ፔርሲዮ ተሳፋሪ ፍለጋ መንደሩን ሲዞር፣ ሲጭን፣ ሲያወርድ፣ እሷ የኋላ ወንበር ጥግ ላይ ተቀምጣ ትዞራለች። መስኮቷን ጥርቅም አድርጋ ትዘጋለች፤ የማለዳ ንፋስ ይመታኛል ትላለች። ተሳፋሪ ሊከፍት ቢሞክር ጠብ ነው። ልጅዬው ደግሞ ከፊት ክርኑን በመስኮት አውጥቶ፣ ሙዚቃውን አስጩኾ፣ አገር ሰላም ብሎ ይነዳል።

ከሆነ ጊዜ ወዲህ ክሪስፒና ገበያ ስትደርስ ሌላ ሰው ሆና መምጣት ጀመረች። ፊቷ አመድ ይመስላል። ራሴን ትላለች፣ ያቅለሸልሻታል። ቦሎቄ ለጠየቀ አተር ትሰፍራለች። የሰፈረችውን መልሳ ጆንያ ውስጥ ትገለብጠዋለች። አንድ ቀን ደንበኛ ሰላም ሲላት የገንዘብ ቦርሳዋን አንስታ አቀበለችው። ደግነቱ ሰውየው ደንግጦ ለእኔ ሰጠኝ። ስሜን የማትጠራበት ማለዳም ነበር፤ «አንቺ» ትለኛለች፣ ስሜ እየጠፋባት። ረፋዱ ላይ ደግሞ ቀስ በቀስ ትመለሳለች። ከምሳ በኋላ ያቺው የማውቃት እሳት ነች።

መድኃኒት ቅጠል የምትሸጠው ኦንዲና ጎንበስ ብላ አየቻትና ፈረደች። «ጋዝ ነው። ከሆዷ ተነስቶ አናቷ ላይ ወጥቷል።»

እኛ ዘንድ ጋዝ ሆድ ውስጥ ተቀምጦ የሚያርፍ ፍጥረት አይደለም። ጀርባ ይገባል፣ ትከሻ ይይዛል፣ ደረት ይወጋል፣ ከፈለገም ጭንቅላት ላይ ይወጣል። ኦንዲና የአኒስና የኦሬጋኖ ሻይ አፍልታ አጠጣቻት። ክሪስፒናም ጠጣች፣ በረፋዱም ነቃች። ኦንዲና ገበያውን ሁሉ ዞራ ፈወስኳት አለች። በማግስቱ ያው ነው፤ አመድ ፊት፣ ሻይ፣ ረፋድ፣ ፈውስ። ሴትየዋ ቅጠሏን ስትቸበችብ ከረመች።

ሐኪም ቤትም ተወስዳለች። ሐኪም የሚገኘው ከሰዓት ነውና ከሰዓት ወሰዷት። ግፊቷ ደህና፣ ስኳሯ ደህና፣ ምላሷማ ከደህናም በላይ፤ ወጣቱን ሐኪም ጥፍርህን ቁረጥ ብላው መጣች። ሐኪሙ ለፔርሲዮ «እርጅና ነው» አለው። መኪናዋም ኮምፒውተሩ ፊት ስትቆም ምንም የላትም፣ እናትየዋም ሐኪም ፊት ምንም የላትም።

ቀጥሎ የሆነው ነው ደሜን ያፈላው። ፔርሲዮና ዋና ከተማ የምትኖረው እህቱ ዮካስታ በስልክ መከሩ። እናታችን ጃጅታለች ተባባሉ። በወሩ መጨረሻ ዮካስታ መጥታ ልትወስዳት፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ከሚገኘው ቤቷ ልታስቀምጣት፣ መደቡም ለሌላ ሰው ሊለቀቅ ተወሰነ። ክሪስፒናን ማንም አልጠየቃት። ፔርሲዮ ክፉ ልጅ አይደለም። ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ክፉ ሰው ቢያንስ ያስባል።

የዚያን ዕለት ከሰዓት ክሪስፒና አተሩን እየለቀመች፣ ቀና ሳትል፣ «ፊላ» አለችኝ።

«ወዬ።»

«ጃጀሁ እንዴ?»

«ምን ቆርጦሽ።»

«እውነቱን ንገሪኝ። ጠዋት ጠዋት እኔ የለሁም። የት እንደምሄድ አላውቅም። ቁጭ ብዬ እጄን አየዋለሁ፣ የኔ እጅ አይመስለኝም።» እንባዋ አተሩ ላይ ጠብ አለ። «ፎቅ ላይ ምን እሠራለሁ? መንገዱን ከላይ ሳይ ልዋል? ማንን ልስደብ?»

ከመደቤ የበሰለች ሙዝ መርጬ ሰጠኋት።

ጥቂት ቀን ሳይቆይ ከማለዳ ጀምሮ ዶፍ ወረደ። እኔ ብዙ ጊዜ የምመጣው በጎረቤቴ የጭነት መኪና ነው፤ ያን ቀን ሳይመጣ ቀረና ፔርሲዮን አስቆምኩት። እንደ ልማዱ «ይባርኩኝ፣ ክርስትና እናቴ» አለ፣ እኔም «እግዜር ይባርክህ» ብዬ ከኋላ ክሪስፒና አጠገብ ገባሁ። በዝናቡ ምክንያት የኔም መስኮት ተዘጋ፣ የሱም ጣት የምታህል ክፍተት ብቻ ቀርታው ተዘጋ። ድንግል ከፊት ወለል ብላ ታበራለች። ተሳፋሪ ፍለጋ ዞርን፣ ዞርን። ዝናቡ ሰውን ሁሉ ቤቱ አስቀርቶታል። ጉንፋን የመሰለ ነገር አፍንጫዬን ያዘኝ። የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ፣ ስስ ብሎ።

«ፔርሲዮ፣ ምንድነው የሚሸተው?»

«የጋዝ ነው።»

ትንሽ ቆይቶ ግንባሬን በመዶሻ የሚነድሉት መሰለኝ። ክሪስፒና ራሷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ አፏን ከፍታለች። ስጠራት «እ?» አለች እንጂ አልዞረችም። እኔም ልናገር ያሰብኩት አፌ ላይ ጠፋብኝ። ገበያ ደርሰን ስወርድ በሩን ይዤ ቆምኩ። የሙዝ ዘለላዬን የት እንዳስቀመጥኩ አጣሁት፤ እጄ ላይ ነበር። ያን ጊዜ ገባኝ። እኔም ጃጅቻለሁ ማለት ነው፣ በአንድ ማለዳ፣ በአንድ ታክሲ።

ረፋዱ ላይ ሁለታችንም ነቃን። ኦንዲና ሻይዋን ይዛ ስትመጣ እዚያው እንድትመልሰው ነገርኳት።

ከሰዓት ፔርሲዮ እናቱን ሊወስድ መጣ። «ይባርኩኝ፣ ክርስትና እናቴ።»

ካሳቫዬን መደርደር ያዝኩ።

«ይባርኩኝ» አለ ደግሞ፣ ያልሰማሁ መስሎት። ካሳቫዬን መደርደሬን ቀጠልኩ። ፊቱ ተለዋወጠ። በማታንሳስ የተወለደ ሰው ስድብ ይችላል፣ ዱላም ይችላል፤ ቡራኬ ተከልክሎ መሪ መጨበጥ ግን አይችልም። ሚስቱ ብትሰማ በዚያ መኪና አትሳፈርም። እኔም ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ምንም ያልቀረው ሰውዬ እንዲህ ሲርበደበድ ሳይ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

«ምን አጠፋሁ?»

«መኪናህ እናትህን እየመረዘች ነው።»

ሳቀ። ከዚያ እንዳልቀለድኩ አየና መሳቁን ተወ። «መኪናዋ እኮ ደህና ትሄዳለች!»

«አዎ፣ ደህና ትሄዳለች። እናትህ ነች ደህና የማትሄደው። መብራቷ የጋዝ ነው አይደል የምትለው? እንግዲያው ጋዙን ዝጋና በቤንዚን ንዳ። የጋዝ ከሆነ መብራቷ አትበራም። ከበራች የጋዝ አይደለም። ይህን ለማወቅ ወንድ መሆን አያስፈልግም። እስከዚያ ድረስ ክሪስፒና መኪናህ ውስጥ እግሯን አታስገባም፣ እኔም አልባርክህም።»

ሽንጡን ገትሮ ተከራከረኝ። ቤንዚን ውድ ነው፣ የቤንዚን ጋኑ ከደረቀ ቆይቷል፣ ኮምፒውተሩ አይቶታል። ሁሉንም ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩት። በመጨረሻ ቤንዚን ቀዳ፣ ኮምፒውተሩ ዘንድ ሄዶ መብራቷን አስጠፋ፣ ጋዙን ዘጋና እያጉረመረመ ይነዳ ጀመር። ማንጎው ሥር ያሉት ዶሚኖ ተጫዋቾች ክርስትና እናቱ በቤንዚን ቀጣችው እያሉ ሳቁበት።

ክሪስፒናን ማለዳ የሚያመጣ ሞተር ብስክሌት ተከራየሁላት። እናንተ ያንን ብታዩ። ከነጂው ኋላ ወደ ጎን ተቀምጣ፣ በአንድ እጇ ራሷ ላይ ያሰረችውን ሻሽ፣ በሌላው የነጂውን ቀበቶ ይዛ፣ ንፋሱን እየረገመች ደረሰች። ጸጉሯ ቆሟል። ወርዳ ለነጂው እንዴት እንደሚነዳ ረጅም ትምህርት ሰጠችው። ከዚያ መደቧን ከፈተችና የመጀመሪያውን ደንበኛ ገና ጣቱን ሲያነሳ «ታገባዋለህ?» አለችው። ደንበኛው ሳቀ። እኔ ግን ዞር ብዬ አለቀስኩ። በማግስቱም እንዲሁ፣ ንቁ፣ ተሳዳቢ። ኦንዲና ሻይዋ በመጨረሻ ሥር እንደያዘ ተናገረች።

መብራቷ ደግሞ ብዙ አላስጠበቀችም። ሁለት ቀን በቤንዚን ብቻ ተነድቶ፣ ዮካስታ ልትመጣ በነበረበት ቅዳሜ ማለዳ፣ ድንግል እንደገና ብርሃኗን ለበሰች። ፔርሲዮ መኪናውን እየነዳ ቀጥታ መደቤ ድረስ መጣ። አልወረደም። በመስኮቱ ብቻ አየኝ።

«በራች» አለ።

«በምን ነው የምትነዳ?»

«በቤንዚን።»

«እንግዲያው ምንድነው?»

አፉን ከፈተ፤ ያቺ ቃል ከልማድ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። ዋጣት።

ሦስታችንም ኮምፒውተሩ ዘንድ ሄድን፤ ክሪስፒና በሞተር ብስክሌቷ፣ እኔና ፔርሲዮ መስኮቱን ሁሉ ከፍተን። ሌኦካዲዮ ማሽኗን ሰካ፣ ዓይኑን ከደነ፣ አናቱን ነቀነቀ። «አየር በዝቷል ትላለች። ያው የጋ…»

«ማስትሮ» አልኩት፣ ከመደቤ ይዤ የመጣሁትን ካሳቫ አንስቼ፣ «ያን ቃል ከጨረስከው በዚህ ካሳቫ ነው የምልህ። ጋዙ ዝግ ነው። አየሩ ከየት ገባ?»

በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም፣ ኮምፒውተሩ አሰበ። «አጥፋ» የሚለው ቁልፍ ላይ የነበረው ጣቱ ተመለሰ። ማሽኗን ነቀለና ኪሱ ከተታት። ሞተሩ እስኪበርድ ተጠበቀ። ሙዚቃው ተዘጋ። ቁልፉ ሲዞር ከመኪናዋ ሥር ቲክ ቲክ ቲክ የሚል ድምፅ መጣ፣ ጥርስ እንደሚያፋጭ ሰው። ፔርሲዮ ሙዚቃውን ዘግቶ መኪናውን ሰምቷት አያውቅም ነበር።

«ማርሚታው፣ የጭስ ቱቦው፣ የሚያፈስ ይመስለኛል» አለ ሌኦካዲዮ፣ ድምፁ ቀንሶ። «ከፊት በኩል ተሰንጥቆ ከሆነ ሴንሰሩ የውጭ አየር ያገኝና ይሳሳታል። ሞተሩ ግን ምንም አይሆንም። ደህና ይሄዳል።» ይህን ሁሉ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ሲያውቅ ኖሮ ቁልፍ ሲጫን ከረመ።

ጭሱ እንዲታይ ጥቂት ዘይት በአየር መሳቢያው አንጠባጠበ። መስኮቶቹን ዘጋ፣ የጭስ መውጫውን ጫፍ በረጠበ ጨርቅ ደፈነው። ሁላችንም ከመኪናዋ ሥር ልናይ ጎንበስ አልን። ከሥር ነጭ ጭስ ወጣ፣ ከፊተኛው ጎማ ኋላ። እንግዲህ እዚህ ነው ብለን ቀና ስንል ቆማ የነበረችው ክሪስፒና ወደ መኪናዋ ውስጥ እየጠቆመች ነው።

ከኋላ ወንበር ጥግ ጭስ ይወጣል። ከሌላ ቦታ አይደለም። ከመቀመጫውና ከመደገፊያው መሃል፣ እሷ ዘወትር ከምትቀመጥበት፣ ቀስ ብሎ፣ ሳይቸኩል ይወጣል። መስኮቱ ጋ ሲደርስ ይታጠፍና ራሷን የምታስደግፍበት ቦታ ላይ ይቆማል።

ሌኦካዲዮ ሞተሩን አጥፍቶ ወንበሩን ፈትቶ አነሳው። ወለሉ ላይ ሲኒ የሚያህል ቀዳዳ አለ። የጋዙ ቱቦ ወደ ሲሊንደሩ የሚያልፍበት ነው፤ ዙሪያውን የሚደፍነው ጎማ ከረገፈ ቆይቷል።

«ይህን የበሳው ማነው?» አልኩ።

ሌኦካዲዮ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መሬት መሬት አየ። ጋዙን የገጠመው እሱ ነው። «የጋዝ…» አለ፣ «የጋዙ ቀዳዳ ነው።» እኔም ያዘጋጀሁትን ካሳቫ አልወረወርኩም፤ ሰውየው ራሱን ከዚያ በላይ መትቶታል።

ፔርሲዮ ቀዳዳውን አይቶ አልጠገበም። ተንበርክኮ እጁን ከተተበት፣ በወዲያ በኩል መሬቱን ነካ። ሲነሳ ፊቱ እንደ እናቱ የማለዳ ፊት አመድ ሆኗል።

«ማማ፣ አላወቅኩም።»

«መብራቱ በርቶ ነበር» አለች።

«አዎ። ግን መኪናዋ ደህና ትሄድ ነበር።»

«ለምን ሸፈንከው ታዲያ?»

ሰውየው ሃምሳ ሊሞላው ነው ብያለሁ። እንደ ልጅ ጫማውን እያየ መለሰ። «በነዳሁ ቁጥር ዓይኔ ውስጥ ይገባል። ያስጨንቀኛል። ላየው አልፈለግኩም።»

ክሪስፒና ዳሽቦርዱ ላይ ያለችውን ድንግል አየቻት። ሌላ ጊዜ ቢሆን እዚህ ላይ የሚያቃጥል ነገር ትናገር ነበር። አሁን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የተናገረችው።

«እኔንም እንደሷ፣ ፎቅ ላይ ልትለጥፉኝ ነበር።»

ፔርሲዮ አለቀሰ። አላባበለችውም። እኔም አላባበልኩትም።

ዮካስታ በቀትር ባዶ ሻንጣ ይዛ ደረሰች። እናቷን ቤት አላገኘቻትም፤ ገበያ መጣች። ክሪስፒና ደንበኛ እያስተናገደች ስለነበር ተራ አስያዘቻት። ተራዋ ሲደርስ «ቦሎቄ ነው አተር?» አለቻት። ልጅቷ «ማማ፣ እኔ ነኝ» ስትል «አውቄሻለሁ» አለች ክሪስፒና፣ «ቦሎቄ ነው አተር?» ዮካስታ ቦሎቄ አለች፤ ሻንጣው ውስጥ ገለበጠችላትና ወደ ከተማዋ ሸኘቻት።

ማርሚታው ተበየደ፣ ቀዳዳው ተደፈነ። መብራቷም ጠፋች፣ ማንም ሳያጠፋት። ፔርሲዮ ሥዕሏን ሊልጣት ሲል እናቱ ከለከለችው፤ ድንግል ምን አጠፋች ብላ ራሷ በጥንቃቄ አንስታ ከመስታወቱ በላይ፣ መንገዱ ከሚታይበት ቦታ ለጠፈቻት። ተሳፋሪዎቹ ድንግል ለምን መብራቷን አቆመች እያሉ መጠየቅ አልተዉም። ፔርሲዮ ሲያስረዳቸው ግማሾቹ አያምኑትም፤ ኃጢአት ሠርቶ ነው ይላሉ። እነሱ እንኳ አንዳንዴ ልክ ይሆናሉ።

ክሪስፒና አሁን የምትቀመጠው ከፊት ነው፣ ሻሿን አገጯ ሥር አስራ። መስኮቱ ተከፍቶ ነው የምትመጣው። ገበያ እስክትደርስ ንፋሱን ስትረግም ትመጣለች።

በመጀመሪያው ማለዳ ፔርሲዮ ጆንያዋን አወረደላት። ለእኔ «ይባርኩኝ» አለኝ፤ እኔ የጣልኩበት ቅጣት አብቅቷልና «እግዜር ይባርክህ» አልኩት። ከዚያ ወደ እናቱ ዞረ።

«ይባርኩኝ፣ ማማ።»

ክሪስፒና ቦሎቄዋን ከጆንያው እየዘረገፈች ነበር። ቀና ብላም አላየችውም።

«ነገ ጠይቀኝ» አለችው።

በማግስቱ ሁሉንም መስኮት ከፍቶ መጣ፣ ጠየቃት። «ነገ» አለችው።